ዝም ያለው ጎመን

ሰፈር ስም ሲያወጣ አይሳሳትም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ቧንቧ ሲጠግን የኖረውን ይህን ሰውዬ «ጠብታ» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው ቤት ምሳ ተጋብዞ ይሄዳል፤ ገና ወንበር ሳይስብ ጆሮውን ያቀናል፤ ቧንቧችሁ ታለቅሳለች ብሎ ሳህን ማጠቢያው ሥር ይገባል። ባለቤቶቹ ምግቡን አቅርበው የሚያዩት እግሮቹን ብቻ ነው። ጡረታ ሲወጣ አመሉ አብሮት ጡረታ አልወጣም።

ይሄ ሁሉ ግን ሰው ቤት ነው። የገዛ ማድቤቱ ቧንቧ አምስት ወር ሙሉ ጠብ፣ ጠብ ሲል እንዳልሰማ ሆኖ ኖሯል። ሚስቱ ባነሳችበት ቁጥር፣ ያቺንማ አውቃታለሁ፣ የጎማ ቀለበቷ አልቆ ነው፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት፣ ነገ እሠራታለሁ ይላል። የአምስት ደቂቃ ሥራ ደግሞ ታውቃላችሁ፤ አምስት ሰዓት የሚፈጅ ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜውኑ ይሠራው ነበር።

ሚስቱን ሰው ሁሉ «ቲቸር» ነው የሚላት። ዕድሜዋን ከሕፃናት ጋር የፈጀች የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት፤ እሱንም ቢሆን ከቀሩት ልጆች አንዱ አድርጋ ነው የያዘችው። አንድ ቀን ጠዋት ድስት ላወርድ ብላ ያቺን የጠብታ ኩሬ ረገጠች፤ ተንሸራተተች፤ የቀኝ እግሯ ቅልጥም ተሰበረ። በዚያው ቀን ሆስፒታል አስተኝቷት ሲመለስ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ቧንቧውን ፈትቶ ሠራው። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም፤ አራት ነው የፈጀበት። እነዚያ አራት ደቂቃዎች ጉሮሮው ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰክተው ቀሩ።

ይቅርታ ማለት ነበረበት። አላለም። በአፉ ምትክ እጁን አሠራው። ከመኝታ ቤት እስከ ማድቤት፣ ከማድቤት እስከ መታጠቢያ ቤት፣ በግድግዳው ሁሉ የብረት ቧንቧ መደገፊያ ገጥሞ ቤቱን መርከብ አስመሰለው። ወለሉ ላይ ጎማ አነጠፈ። ጄሶው ከወጣ በኋላ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው መጥቶ አጥንቱ ድኗል፣ ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄዳል፣ ይራመዱ ብሎ ሄደ። ማን ያስረግጣት? አንዱን እግሯን ከአልጋ ባወረደች ቁጥር ጠብታ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ከች ይላል፤ ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ እያለ። ውሃ ስትል ውሃ፣ መነጽር ስትል መነጽር፣ ሳትልም መነጽር። እሷም መጀመሪያ ተቆጣች፤ ቀጥላ ሳቀች፤ በኋላ ደከማት። እውነቱን ለመናገር እሷም ፈርታለች። ያቺን ማድቤት ስታስብ ያወረደችውን እግር መልሳ አልጋ ላይ ታወጣለች። ስለዚህ ተራዋን እሷ «ነገ» ማለት ጀመረች፤ የምግብ ፍላጎቷም ጠፋ።

እንዲህ እንዳለ ሌላ ከተማ የምትኖረው ፋርማሲስት ልጃቸው ደወለች። ቅዳሜ እመጣለሁ፣ እማዬ በእግሯ ስትሄድ ካላየሁ ይዣት እሄዳለሁ አለች። የእኔ ቤት ደረጃ የለበትም፣ ሰው አይጠፋበትም፣ ክፍሏ ጠባብ ብትሆን ነው እንጂ፤ አንተ ደግሞ እሁድ እሁድ እየመጣህ ትጠይቃታለህ፣ አባዬ። ክፋት የላትም ልጅቷ፤ እናቷን ስለምትወድ ነው። ጠብታ ግን ስልኩን ካስቀመጠ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አሰበው። አርባ ዓመት አብራው የተኛች ሴት እሁድ እሁድ ብርቱካን ይዞ የሚጠይቃት ዘመድ ልትሆን ነው። ያለ እሷ ይህ ቤት ምን ይሠራለታል? ቧንቧዎቹ እንኳ ሁሉም ተጠግነዋል።

ሰኞ ጠዋት ቲቸር ሳይታሰብ አፏን ከፈተችና የኮመጠጠ ጎመን አማረኝ አለች።

ይህ ጎመን የዚያ ቤት ነገር ነው። በየዓመቱ ጥቅል ጎመን ሲረክስ በትልቁ ሰፊ አፍ ጠርሙስ ታዘጋጃለች። የጠብታ ድርሻ መብላት ብቻ ነበር፤ ማድቤት ውስጥ እጁን ከቧንቧ በስተቀር ሌላ ነገር ላይ እንዲያሳርፍ ተፈቅዶለት አያውቅም። ዛሬ ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነና ነገሩ፣ በእሱ እጅና በእሷ አፍ ሊሠራ ነው። የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ፤ የማድቤቱም ተከፈተ፤ ቲቸር ትራሷን ከጀርባዋ አስደግፋ ማስተማር ጀመረች።

አምስት ኪሎ ጎመን፣ መቶ ግራም ጨው። ቀጭን አድርገህ ክተፍ፣ ክር ይምሰል፣ አለች። ጠብታ የቧንቧ ሠራተኛ ነውና ስንት ሚሊሜትር ብሎ ጠየቀ። ሁለት ሚሊሜትር ተባለ፤ ተረጋጋ። ከተፈው፤ ጨዉን ነሰነሰበት፤ እሽው ስትለው ያሸው ጀመር። ጎመኑ መጀመሪያ ደረቅ ነበር፤ ግትር ነበር፤ ትልቁን ሳፋ ሞልቶ ይንኮሻኮሻል። ሩብ ሰዓት ካሸው በኋላ ግን እየለሰለሰ፣ እየተኛ መጣና ከሥሩ ውሃ ፈለቀ። አንድ ጠብታ ውሃ አልጨመረበትም፤ ሆኖም ሳፋው ግማሽ ድረስ ውሃ ሆነ። ጠብታ እጁን አንጠልጥሎ ቀረ። ዕድሜውን ሙሉ በየሰው ግድግዳ ውስጥ የተደበቀ ውሃ ሲፈልግ ኖሯል፤ ጎመን ውስጥ ይሄን ያህል ተደብቆ እንደሚኖር ማንም ነግሮት አያውቅም።

ጠርሙሱ ውስጥ ጠቅጥቀው፣ ውሃው ከላዩ ይሸፍነው፣ ጎመን አየር ካየ ይሻግታል ብላ አስጠነቀቀችው። በላዩ ላይ ክብደት ጣልበት፤ ከአፉ አራት ጣት ጉድለት ተው፤ ክዳኑን አሳርፈው እንጂ አታጥብቀው፤ ከሥሩ ትሪ አድርግ። እስከ ክብደቱ ድረስ እንደ ጨዋ ተማሪ ታዘዘ። አራት ጣት የሚለው ላይ ግን ሙያው አላስችል አለው። ቧንቧ ውስጥ አየር ከተረፈ ያንኳኳል፣ ያስቸግራል፤ ይሄን የማያውቅ ቧንቧ ሠራተኛ የለም። ስለዚህ እስከ አንገቱ ሞላው። ትሪውን ደግሞ ናቀው። የሚያፈስ ዕቃ ነው ትሪ የሚያስፈልገው፤ እኔ የሠራሁት መች ያፈሳል አለ በልቡ።

ማክሰኞ ጠዋት ጎመኑ ሲብላላ ጠርሙሱ ውስጥ ጥቃቅን አረፋዎች መውጣት ጀመሩ። ቲቸር ከአልጋዋ ሆና ይናገራል ወይ ብላ ጠየቀች። ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠና ያንሾካሹካል አላት። ማንን ያማል አለችው። አንቺን ነው፣ ተማሪ መግረፍ ትወድ ነበር እያለ ነው አላት። ከሁለት ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች፤ በዚያን ቀን ሾርባዋን እስከ ሳህኑ ሥር ጨረሰች። ጠብታም ሳህኑን ሲያጥብ ብቻውን ፈገግ ይል ነበር። ጎመኑን ወደደው፤ ልጁ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ረቡዕ ግን ጉድ ፈላ። ጠዋት ማድቤት ሲገባ ጠርሙሱ አረፋ ደፍቋል። አረፋው በክዳኑ ዙሪያ ፈልቶ፣ ውሃው በመደርደሪያው ጠርዝ ወርዶ፣ ወለሉ ላይ ጠብ፣ ጠብ ይላል። የት ቦታ? እሷ የወደቀችበት ቦታ። አንድ ስንዝር እንኳ ወዲያ አላለም። የጠብታ ሐሞት ፈሰሰ። ወለሉን በጨርቅ ወለወለ፤ ደገመ፤ በሦስተኛው ተንበርክኮ በኮቱ እጅጌ ወለወለው። ከዚያም እንደ ተጠራ ሰው ወደ መሣሪያ ሳጥኑ ሄደ።

እንግዲህ ሌላ ሰው ቢሆን ትሪ ያደርግ ነበር። ጠብታ ያደረገውን ስሙ። በክዳኑ ውስጥ ወፍራም የጎማ ቀለበት ገጠመ። በጠርሙሱ ጥርስ ላይ ቴፍሎን የሚሉትን የቧንቧ ጥብጣብ አሥራ ሁለት ዙር ጠመጠመ። ክዳኑን በእጁ አጠበቀ፤ በቱቦ ቁልፍ ደገመው፤ በላዩ ላይ ሽቦ በአራት በኩል አስሮ በፒንሳ ጠመዘዘው። ሲጨርስ ወደ ኋላ ብሎ አየ። የከተማ ውሃ ማጠራቀሚያ ቢሰጠው ከዚህ የተሻለ አያሽግም። ጠርሙሱ ዝም አለ፤ ወለሉ ደረቀ፤ የእሱም ልብ ከገባችበት ወጣች።

ከመኝታ ቤት ይናገራል ወይ የሚል ጥያቄ መጣ። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ይናገራል አለ። ምን ይላል ብትለው ግን ቧንቧውን ከፍቶ ሳህን ማጠብ ጀመረ። ወሬ መፍጠር እንደሆነ አይችልበትም፤ ማክሰኞ ያለው እንኳ እውነት ስለነበረ ነው።

ሐሙስ ጠርሙሱን አምጣልኝና ልየው አለች። ከባድ ነው፣ ወገቤን አሞኛል አለ። ባለፈው ሳምንት እሷን ተሸክሞ መታጠቢያ ቤት ሲያደርስ ወገቡ አላመመውም ነበር፤ እሷም ይህንን አልሳተችውም። ዓርብ የክዳኑ መሃል ወደ ላይ አብጦ አገኘው። በሙያው አንድ ሕግ አለ፤ ያበጠ ነገር አንድ ዙር ይጨመርበታል። ጨመረበት። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቲቸር ጣራውን እያየች ጎመን ዝም ካለ ወይ ሞቷል ወይ ታፍኗል አለች፤ ማንን እንደምትናገር ግልጽ አልነበረም። ጠብታ ትራሷን አስተካክሎላት ወጣ። ነገ ቅዳሜ ነው።

ልጅቷ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ደረሰች፤ ትልቅ ባዶ ሻንጣ እየጎተተች። አባቷን ሳመች፤ የብረት መደገፊያዎቹን አየች፤ ጎማውን አየች፤ ወደ እናቷ ገባች። እናቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻት። እማዬ፣ ሂጂና ልይሽ ስትላት እናት ነገ አለች። ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ቁም ሣጥኑን ከፈተች። ሹራብ፣ ነጠላ ጫማ፣ የሌሊት ልብስ። ቲቸር እሺም እምቢም ሳትል ልብሶቿ አንድ በአንድ ሲታጠፉ ታያለች። የሞላው ሻንጣ ተዘግቶ የማድቤቱ በር አጠገብ ቆመ።

ጠብታ ማድቤት ገብቶ መስኮቱ ጋ ቆመ። አልቅስ አልቅስ ይለዋል። ገብቶ ልጄ ሆይ፣ አትውሰጂብኝ ሊላት ይፈልጋል፤ ግን በምን አፉ? ያወደቃት ማን ሆነና? የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ይሄን ደግሞ ከማንም በላይ እሱ ያውቃል። እንዲሁ ቆሞ ሳለ ከጀርባው ሽቦው ጥዝዝ ሲል ሰማ። ዞረ።

ፍንዳታው መስኮቱን አንቀጠቀጠው። ክዳኑ ጣራውን መትቶ አምፖሉን ይዞ ወረደ። አምስት ኪሎ ጎመን ሦስት ቀን ያመቀውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናገረ፤ ግድግዳው ላይ፣ መጋረጃው ላይ፣ የግድግዳ ሰዓቱ ላይ፣ የጠብታ ራስ ላይ። ጠርሙሱ ራሱ ግን ምንም ሳይሆን፣ አፉን ከፍቶ፣ ከአንገቱ ጢም የመሰለ ጎመን አንጠልጥሎ ቆሞ ቀረ። ወለሉ በሙሉ ውሃ ነው። ሽታው ደግሞ ልዩ ነበር፤ ኮምጣጣ፣ ንጹሕ፣ ምራቅ የሚያስውጥ።

ልጅቷ እየሮጠች መጥታ የበሩን መቃን ይዛ ቀረች። አባቷ በሕይወት እንዳለ አረጋገጠች። ያኔ ነው ከኋላዋ ድምፅ የመጣው።

«አጥብቀኸው ነበር፣ አይደል?»

ቲቸር ቆማለች። በሁለት እግሯ፣ ሌላ ሰው ሳይይዛት፣ አንድ እጇን ጠብታ በገጠመው የብረት መደገፊያ ላይ አሳርፋ። ከአልጋ እስከ ማድቤት አሥራ አንድ እርምጃ ነው። ልጅቷ አፏን ልትከፍት ስትል ጠብታ በዓይኑ ዝም አሰኛት፤ በእንቅልፍ ልቡ እንደሚሄድ ሰው የነቃች እንደሆነ ትወድቃለች ብሎ ፈራ። ቲቸር ግን ነቅታለች። እንደ ንግሥት ቀስ ብላ ጣራውን አየች፣ ሰዓቱን አየች፣ ባሏን ከራሱ እስከ ጫማው አየች፤ አንዱን እግሯን ወደ ርጥቡ ወለል ዘረጋች።

ጠብታ ያን ጊዜ ነው የተበጠሰው።

«አትርገጪው። ርጥብ ነው። ያኔም በእኔ ጥፋት ነው የወደቅሽው። አምስት ወር እየሰማሁት ነው የተውኩት። አራት ደቂቃ ነው የፈጀብኝ። ይቅር በይኝ።»

ጆሮው ላይ ጎመን ተንጠልጥሏል። ቲቸር እግሯን አልመለሰችም።

«አውቃለሁ» አለችው። «ከሆስፒታል ስመለስ ቧንቧው ዝም ብሎ ጠበቀኝ። ያኔ ነው ያወቅሁት። ከዚያ አንተም አብረኸው ዝም አልክ። ሁለት ወር እኔን ከመሸከም ይሄን ማለት ይቀልህ ነበር እኮ፣ አንተ ሰውዬ። በል እጅህን ስጠኝ። አትሸከመኝ፤ እጅህን ብቻ።»

ሰጣት። ርጥቡን ወለል ረገጠችው። አንድ፣ ሁለት፣ ቆመች፤ ሦስት፣ አራት። የወደቀችበት ቦታ ላይ ስትደርስ ጣቶቹን አጥብቃ ያዘቻቸው፤ አለፈችው። ፊቱ ቆማ ከጆሮው ላይ ያንን የተንጠለጠለ ጎመን አነሳች፤ ወደ አፏ ከተተችና ዓይኗን ጨፍና አኘከች። አባትና ልጅ ፈተና እንደተፈተነ ተማሪ ፊቷን ይጠብቃሉ።

ጨዉ ልክ ነው፣ አከታተፉም አይከፋም፣ ግን ገና አንድ ሳምንት ይቀረው ነበር ብላ ፈረደች። ከዚያ ወደ ልጇ ዞር አለች።

«አንቺ ደግሞ ያንን ሻንጣ ከበሩ ላይ አንሺልኝ። መጥረጊያው ከኋላው ነው ያለው።»

ልጅቷ ሻንጣውን ወደ መኝታ ቤት መልሳ ስትጎትተው በአንድ እጇ ዓይኗን ትጠርግ ነበር፤ ጎመኑ ነው ብትልም ጎመን ዓይን እንደማያስለቅስ ሦስቱም ያውቃሉ። ከሰዓት በኋላ ሦስት ሆነው ሌላ አምስት ኪሎ ከተፉ። ቲቸር ወንበር ላይ ተቀምጣ ታዛለች፤ ሲያቅታቸው እየተነሳች ታሳያለች፤ ጠብታ ሁለት ጊዜ ቆይ ሊል አፉን ከፍቶ ሁለቴም መልሶ ዘጋው። አራቱን ጣት እሷ ራሷ ለክታ አጎደለች። ልጅቷ እሁድ ባዶ ሻንጣዋን እየጎተተች ሄደች፤ በሚቀጥለው ወር ሲደርስ በጠርሙስ እንዲላክላት አደራ ብላ።

ማክሰኞ አዲሱ ጎመን መናገር ጀመረ። ረቡዕ ሲነጋ አረፋው ከፍ ብሎ፣ ውሃው በክዳኑ ሥር ሾልኮ፣ ትሪው ላይ ጠብ፣ ጠብ አለ። ጠብታ አጠገቡ ቆሞ ነበር። እጁ ሳያውቀው ወደ ኪሱ ገባ፤ ፒንሳዋ እዚያ ናት። ቲቸር በበኩሏ ምድጃው ጋ ቆማ እንቁላል እየጠበሰች ነበር፤ ዞር ብላ እንኳ አላየችውም።

«ተወው» አለች።

ተወው። ወንበር ስቦ ተቀመጠና የሚወርደውን ጠብታ እየሰማ ቁርሱን ጠበቀ።